ከቤተ ሙከራ እስከ ቦኖ፦ የስምጥ ሸለቆን ፍሎራይድ የማጣራት ምርምር ምን ቀረው?

ከሚጠጣ ውሃ ፍሎራይድን ማውጣት እንደሚቻል ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ወንጂ ላይ በ1960ዎቹ ተሠርቶበታል (እዚህ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በህንድ፣ በኬንያና በታንዛኒያም ሲሠራበት ኖሯል። ያም ሆኖ ከመተሐራ እስከ ሐዋሳ በተዘረጋው የሸለቆ ወለል ጥርሱ የበለዘ ልጅ ማየት ዛሬም ማንንም አያስደነግጥም። መፍትሔው የሚታወቅ ችግር ለምን ይህን ያህል ይቆያል? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ኬሚስት ፈለቀ ዘውጌና ባልደረቦቻቸው በአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ላይ ያካሄዱት ምርምር ለእኔ ትልቅ ትርጉም የሚኖረው ከዚህ ጥያቄ አንጻር ሲታይ ነው። ምርምሩ የችግሩን ኬሚስትሪ በሚገባ ወደ ፍጻሜ አቅርቦታል። ያልተነካው ግማሽ ግን ከኬሚስትሪው በኋላ የሚመጣው ነው፤ ለእሱ እስካሁን ባለቤት አልተገኘለትም።

ነገሩ የሚጀምረው ከድንጋዩ ነው። የስምጥ ሸለቆ ወለል የእሳተ ገሞራ ትፋት የሞላበት ነው፤ ፑሚስ፣ ኦብሲዲያን፣ ራዮላይትና የደነደነ አመድ በብዛት ይገኝበታል። እነዚህ ድንጋዮች ፍሎራይድ በብዛት አላቸው። ድንጋይ ፍሎራይድ ስላለው ብቻ ግን ውሃው አይመረዝም። ውሃ ውስጥ ካልሲየም በበቂ መጠን ካለ ፍሎራይድን ይዞ ይዘቅጣል፤ ካልሲየም ፍሎራይድ በቀላሉ የማይሟሟ ጨው ነውና። የሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ ግን ከደጋው ዳር ተነሥቶ ወደ ወለሉ ሲወርድ ካልሲየሙን እያጣ በሶዲየምና በባይካርቦኔት ይሞላል። ከጥልቁ የሚወጣው ሙቀትና ካርቦን ዳይኦክሳይድም የድንጋዩን መሟሟት ያፋጥነዋል። የሚያዘቅጠው ካልሲየም በሌለበት ፍሎራይዱ በውሃው ውስጥ ይከማቻል። በሻላና በአቢጃታ ሐይቆች መጠኑ በሊትር ከ100 ሚሊግራም የሚበልጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን 1.5 ሚሊግራም ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ውሃው ጥልቅ ስለሆነ ጥሩ ነው ማለት አይቻልም፤ በሸለቆው ወለል ብዙ ጊዜ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። አጠገብ ለአጠገብ የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶችም እጅግ የተለያየ መጠን ሊያሳዩ ይችላሉ። ለአንድ ቀበሌ በጀት ተመድቦ፣ ማሽን ገብቶ፣ ሕዝቡ እልል ብሎ የተቀበለው ጥልቅ ጉድጓድ ከተቆፈረ በኋላ ፍሎራይዱ ሲለካ ከወሰኑ አምስት እጥፍ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ጉድጓዱን ዘግቶ ሕዝቡን ወደ ኩሬ መመለስ የሚደፍር የለም።

ጉዳቱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በልጅነት የሚደርሰው ነው። ከተወለደ ጀምሮ እስከ ስምንት ዓመቱ ገደማ፣ ቋሚ ጥርሱ በድዱ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ሲወጣ ነጠብጣብ፣ ቡናማ፣ አንዳንዴም የተሸራረፈ ይሆናል። ጥርስ ከወጣ በኋላ ውሃውን ማስተካከል ያንን ልጅ አያድነውም፤ የሚያድነው ታናሹን ነው። ሁለተኛው ቀስ ብሎ ይመጣል። ብዙ ፍሎራይድ ለረጅም ዓመታት ሲጠጣ አጥንት ውስጥ ይከማቻል፤ ጅማቶች ይደርቃሉ፣ መገጣጠሚያ ይተሳሰራል፣ አከርካሪ አልታጠፍ ይላል፣ በከፋ ደረጃም ነርቭ ተጭኖ እግር ይሰንፋል። ይህ በአገራችን በሰፊው የታየው በወንጂ ሸዋ ስኳር ልማት ነው። በኔዘርላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ተመሥርቶ በ1954 ምርት የጀመረው ይህ ልማት ከከምባታ፣ ከሃዲያና ከሌሎች የደቡብ አካባቢዎች ብዙ ሠራተኛ ሰብስቧል። ለእነዚህ ሰዎች የተቆፈሩት ጉድጓዶች ፍሎራይድ የበዛባቸው ነበሩ። አገዳ ሲቆርጡ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች በጡረታ ዘመናቸው አንገታቸውን ማዞር አቃታቸው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ይህን መዝግበው ለሕክምናው ዓለም ካሳወቁት አንዱ ናቸው።

ረዳና ባልደረቦቻቸው በ2006 ባወጡት፣ የፍሎራይድን የመላ አገር ስርጭት በሚያሳየው ጥናት መሠረት በስምጥ ሸለቆ ከተለኩት የውሃ ምንጮች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ነበረባቸው። ለጉዳቱ የተጋለጠው ሕዝብ ከ8 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ይህን ያህል ሰው የሚጠጣው ውሃ ዓይን ሲያየው ንጹህ ነው፣ ጣዕሙም ደህና ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ውሃ አጋር የተባለውን ክሎሪን ጨምሩበት ብላ የምታስተምረው ለተቅማጥ ትክክል ነው፤ ለፍሎራይድ ግን ክሎሪን ምንም አያደርገውም፣ ማፍላትም ውሃውን እያተነነ የቀረውን ይበልጥ ያከማቸዋል። ስለዚህ አንዲት እናት በቤቷ ያላት እውቀትና ጥንቃቄ ሁሉ ከዚህ መርዝ ልጇን አያስጥላትም። ጉዳዩን የመንግሥትና የባለሙያ ግዴታ የሚያደርገው ይህ ነው።

ወደ ኬሚስትሪው እንምጣ። ወንጂ ላይ መጀመሪያ የተሞከሩት የአጥንት ከሰልና አክቲቬትድ አሉሚና የሚባለው ቁስ ነበሩ። ኩባንያው ገንዘብና መሐንዲስ ስለነበረው ሊያሠራቸው ችሏል። ከወንጂ ግቢ ውጭ ያለው ገበሬ ግን ይህ ዕድል አልነበረውም። ለእሱ ኋላ ላይ የመጣለት፣ ዩኒሴፍም የደገፈው ናልጎንዳ የሚባለው ዘዴ ነው። ህንድ አገር ናግፑር ባለው የአካባቢ ምሕንድስና ምርምር ተቋም የተቀመረ፣ ስሙን ከናልጎንዳ አውራጃ ያገኘ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ውሃው ታንከር ውስጥ ይሞላል፣ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ይጨመርበታል፣ ይማሰላል፣ ከዚያ ይዘቅጣል። አሉሚኒየሙ በውሃው ውስጥ ወደ ለስላሳ ዝቃጭ ሲለወጥ ፍሎራይዱን ይዞት ይወርዳል።

ቀላልነቱ ግን ዋጋ አለው። ፍሎራይዱ በበዛበትና ባይካርቦኔት በሞላበት የሸለቆ ውሃ ላይ የሚያስፈልገው አሉሚኒየም ሰልፌት በሊትር እስከ 800 ሚሊግራምና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ይህ መጠን በስሌት ሲታይ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ከ300 ሚሊግራም በላይ ሰልፌት ያስቀራል፤ ሰልፌት ደግሞ ከ250 ሚሊግራም ጀምሮ ጣዕሙ ሊታወቅ ይችላል። ሰው ጣዕሙ የተበላሸ ንጹህ ውሃ ቀርቦለት ጣፋጭ የሆነውን መርዛም ውሃ ቢመርጥ አልፈርድበትም። በዚያ ላይ ልኩ ሲሳት አሉሚኒየም ራሱ በውሃው ውስጥ ይቀራል፣ በየቀኑ ዝቃጭ ይጠራቀማል፣ መነሻው ፍሎራይድ ከፍ ያለ ከሆነም ከ1.5 በታች ማውረድ ያዳግታል። በየዕለቱ ሁለት ኬሚካል መዝኖ የሚጨምር፣ የማይሰለች ሰውም ይጠይቃል።

የአጥንት ከሰሉ መንገድ የተለየ ነው። የከብት አጥንት ኦክስጅን በተቆጠበበት እሳት ይከስላል፣ ይፈጫል፣ በበርሜል ተሞልቶ ውሃ ያልፍበታል። ኬንያ ውስጥ የናኩሩ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ለዓመታት እያመረተ አከፋፍሎታል። እኛም ዘንድ የኦሮሚያ ራስ አገዝ ድርጅት (ኦሾ)፣ ከስዊዘርላንዱ የውሃ ምርምር ተቋም ኤአዋግና ከዚያው አገር ሄክስ ከተባለው ረድኤት ድርጅት ጋር በመሆን በዱግዳ ወረዳ ዋዮ ገብርኤል መንደር የጋራ ማጣሪያ አቁሞበታል። የከሰሉ ጥራት በእሳቱ ልክ ይወሰናል፤ ሙቀቱ ከሚገባው ካነሰ ውሃው ይሸታል፣ ከበዛ ደግሞ ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙ ይሞታል። ከእንስሳ አጥንት የተሠራ መሆኑም ከእምነት አንጻር ጥያቄ ያስነሣል። ይህን ጥያቄ እንደ ኋላቀርነት የሚያዩ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጾም በሚጾምበትና እርድ በእምነት በሚለይበት አገር የአጥንቱን ምንጭ መጠየቅ ተገቢ ነው፣ ማጣሪያ የሚያቆም ሰውም መልሱን ይዞ መምጣት አለበት።

በዚህ መሐል ነው የእነ ፈለቀ ዘውጌ ሥራ ቦታ የሚይዘው። በ2006 ከቻንድራቫንሺና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ባሳተሙት ጥናት የጠየቁት በጣም ተግባራዊ ነገር ነበር፦ አሉሚኒየም ሰልፌቱን ውሃው ውስጥ ጨምሮ እዚያው ከማዝቀጥ ይልቅ አስቀድሞ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ አድርጎ ማዘጋጀት፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ውሃውን በዚያ ላይ ማሳለፍ ቢቻልስ? ያን ጊዜ ሰልፌቱ ገና ሲዘጋጅ ታጥቦ ይወጣል፣ የዕለት ዝቃጭ አይኖርም፣ ጠዋት ማታ መዝኖ መጨመርም ይቀራል። መነሻቸው አገር ውስጥ የሚመረተው አሉሚኒየም ሰልፌት ነበር፤ አዋሽ መልካሳ ላይ የአሉሚኒየም ሰልፌትና የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ አለንና።

ያገኙት ውጤት ዝርዝር ሊታይ ይገባዋል። ቁሱ እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ፍሎራይድ የማስወገድ ብቃቱ ጨመረ፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ግን ቀነሰ። ምክንያቱ ከገጹ ጋር የተያያዘ ነው። የቁሱ ገጽ ሃይድሮክሳይድ የተጣበቀባቸው ብዙ ሥፍራዎች አሉት፤ ፍሎራይድ በመጠኑም በቻርጁም ለሃይድሮክሳይድ ስለሚቀርብ ገፍቶት በቦታው ይገባል። መጠነኛ ሙቀት የታፈነውን ውሃ አባርሮ ቀዳዳዎቹን ይከፍታል፤ የበዛ ሙቀት ግን ሃይድሮክሳይዶቹን ራሳቸውን አባርሮ ገጹን ያጠፋዋል። ፒኤች ከ4 እስከ 9 ባለው ሰፊ ክልል ቁሱ መሥራቱም ተመዝግቧል። የሸለቆው ውሃ ብዙውን ጊዜ ፒኤቹ 8 አካባቢ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጥሩ የሚባሉ ብዙ ቁሶች በአሲዳማ ውሃ ብቻ ነው የሚሠሩት፤ ለመንደር ቦኖ ደግሞ በየቀኑ አሲድ ጨምሩ ማለት አይቻልም። ከኤአዋግ ተመራማሪዎች ጋር በተከታታይ በወጡ ሥራዎችም አቅሙ ከፍ ያለ ቁስ ለማዘጋጀት ተሞክሯል።

አቅም ሲባል ምን ለውጥ ያመጣል? በቀላል ስሌት ላሳይ። የጉድጓዱ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ፍሎራይድ አለው እንበል። ወደ 1.5 ለማውረድ ከእያንዳንዱ ሊትር 6.5 ሚሊግራም ይወጣል። አንድ ቤተሰብ ለመጠጥና ለምግብ በቀን 20 ሊትር ቢጠቀም በቀን 130 ሚሊግራም፣ በዓመት ወደ 47 ግራም ፍሎራይድ መያዝ አለበት። አንድ ግራም ቁስ 1 ሚሊግራም ብቻ የሚይዝ ከሆነ ቤተሰቡ በዓመት 47 ኪሎ ቁስ ያስፈልገዋል፣ 200 አባወራ ላለበት መንደር ደግሞ 9 ቶን ተኩል። አንድ ግራም ቁስ 10 ሚሊግራም የሚይዝ ከሆነ ግን ለመላ መንደሩ ከአንድ ቶን በታች ይበቃል። አንደኛው በየዓመቱ የጭነት መኪና የሚጠይቅ ሲሆን ሁለተኛው አንድ ትንሽ አይሱዙ በግማሽ ጭነቱ የሚያደርሰው ነው። በገንዘብም፣ በትራንስፖርትም፣ መንገድ በሚበላሽበት ክረምትም ልዩነቱ የመሥራትና ያለመሥራት ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ ጠንቀቅ ማለት አለበት። በምርምር መጽሔት ላይ የሚታተመው የአቅም ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው በተጣራ ውሃ ላይ ሶዲየም ፍሎራይድ ተጨምሮበት ነው። እዚያ ውስጥ ለገጹ የሚሻማ ሌላ ነገር የለም። የመቂ ወይም የዝዋይ አካባቢ ጉድጓድ ውሃ ግን ባይካርቦኔት፣ ሲሊካና አንዳንዴም ፎስፌት ይዞ ይመጣል፤ እነሱም ቦታ ይፈልጋሉ። የፒኤቹ ከፍ ማለትም ገጹን ወደ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስለሚገፋው ፍሎራይዱ እንዳይጠጋ ያደርጋል። በዚህ ምክንያት ቤተ ሙከራ ውስጥ በግራም 20 ሚሊግራም የያዘ ቁስ ጉድጓዱ ዘንድ ሲሄድ የዚያን ጥቂት ክፍል ብቻ ሊሰጥ ይችላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሩዝ ገለባ እስከ ናኖ ቁስ ድረስ ፍሎራይድን የሚያስወግድ አዲስ ነገር ተገኘ የሚሉ ጥናቶች ይወጣሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ በእውነተኛ ውሃ ላይ ለወራት የተፈተኑት ጥቂት ናቸው። የአዲስ አበባው ቡድን ሥራ የሚለየው ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ የተወሰነ ውሃንና አንድ የተወሰነ ፋብሪካን እያየ በመካሄዱ ነው።

አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ ላንሣ። ጥርስን የሚያበልዘው በውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ መሆኑ የተለየው በ1931 ነው፤ የለየውም አልኮዋ በተባለው የአሜሪካ የአሉሚኒየም ኩባንያ ዋና ኬሚስት የነበረው ኤች ቪ ቸርችል ነው። አርካንሳስ ውስጥ ቦክሳይት በተባለች የማዕድን ከተማ የልጆች ጥርስ መበለዙ ኩባንያውን አስጨንቆት ነበር፤ የጥርስ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ማኬይም ለዓመታት መንስኤውን ሲፈልግ ኖሯል። የቸርችል ግኝት የተገኘው በተሻለ መለኪያ ነው። እስኪለካ ድረስ የለም የተባለ ነገር ሲለካ ተገኘ። ይህንን የማነሣው ዛሬ ቦኖው ላይ የጎደለውም መለኪያ ስለሆነ ነው።

የማጣሪያው ቁስ ገጽ ሰው እንደሞላው አውቶቡስ ነው፤ ወንበር ካለቀ በኋላ የመጣው ፍሎራይድ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ውሃው ግን ያኔም እንደ ትናንቱ ንጹህ ይመስላል። ማጣሪያው ማለቁን የሚናገር ሽታ፣ ቀለም ወይም ጣዕም የለም። የጭቃ ማጣሪያ ሲያልቅ ውሃው ይደፈርሳል፣ ኮሚቴው ያያል። የፍሎራይድ ማጣሪያ ሲያልቅ የሚታወቀው ኤሌክትሮድ ባለው መለኪያ ወይም ቀለም በሚለውጥ ኬሚካል ብቻ ነው። መለኪያ ከሌለ መንደሩ ማጣሪያ አለኝ ብሎ አምኖ ሙሉውን ፍሎራይድ ይጠጣል፤ ይህ ማጣሪያ ከሌለው መንደር የባሰ ነው፤ ሌላ ውሃ መፈለጉን አቁሟልና።

ስለዚህ የማንኛውም ማጣሪያ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ጥያቄ ቁሱ ስንት ሚሊግራም ይይዛል የሚለው ሳይሆን ማን፣ በስንት ሳምንቱ፣ በምን መሣሪያ ይለካል፣ ደመወዙንስ ማን ይከፍላል የሚለው መሆን አለበት ባይ ነኝ። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሞተር የሚጠግን ባለሙያ አለው፣ ጄነሬተር የሚያስነሣ አለው። ፍሎራይድ የሚለካ ሰው ግን በመዋቅሩ ውስጥ ቋሚ ቦታ ያስፈልገዋል። የፕሮጀክት ዕድሜ ሦስት ዓመት ነው፤ የአንድ ልጅ ጥርስ ለመሠራት ስምንት ዓመት ይፈጅበታል። ለጋሽ ሲወጣ ማጣሪያው እንዳይቆም የቁሱ መተኪያ ዋጋ በቦኖው ታሪፍ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን መግባት ይኖርበታል። በጄሪካን ጥቂት ሳንቲም መጨመር በድሃ ላይ ሸክም ነው፤ የማይቻል ከሆነም ክልሉ ድጎማውን በግልጽ ይበጅት። ስሙ የማይነሣ ወጪ ግን ማጣሪያውን ይገድለዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ያለቀው ቁስ የት ይሂድ የሚለው ነው። አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ በቀጭን የኮስቲክ ሶዳ ፈሳሽ ሲታጠብ ፍሎራይዱን ይለቃል፣ ከዚያ በአሲድ ፒኤቹ ተስተካክሎ እንደገና ሊሠራ ይችላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ግን የታጠበበት ፈሳሽ ፍሎራይዱን ሁሉ በጥቂት በርሜል ውስጥ አከማችቶ የያዘ ነው። ይህ በመንደሩ ዳር ከፈሰሰ ካጣራነው ውሃ የባሰ ነገር መሬት ውስጥ መለስን ማለት ነው። ካልሲየም ጨምሮ ማዝቀጥ ይቻላል፣ ኬሚስትሪው የታወቀ ነው። መንደር ውስጥ ግን ኮስቲክ ሶዳና አሲድ መያዝ አደገኛ ነው። ትክክለኛው መንገድ ያለቀውን ቁስ ሰብስቦ ወደ አንድ ማዕከል፣ ለምሳሌ ሞጆ ወይም አዋሽ መልካሳ አካባቢ ወስዶ ማደስ ይመስለኛል፤ ትኩሱን የጫነው መኪና ያረጀውን ይዞ ሊመለስ ይችላል። እንዲህ ያለ ዑደት ለ10 መንደር አያዋጣም፤ ለ200 መንደር ግን ያዋጣል። ስለዚህ ቁሱን በየመንደሩ በፕሮጀክት ማዳረስ ሳይሆን እንደ አንድ ምርት አድርጎ በአንድ ፋብሪካ ማምረት ይጠይቃል።

ማጣራት የመጨረሻ አማራጭ መሆኑንም መርሳት የለብንም። ከሸለቆው ዳር፣ ከደጋው ግርጌ ያሉ ምንጮች ብዙ ጊዜ ፍሎራይዳቸው ዝቅተኛ ነው፤ ከዚያ በቧንቧ ወደ ብዙ መንደር ማውረድ መጀመሪያ ውድ ቢሆንም ለዓመታት ማንም ኬሚካል ሳይነካ ይሠራል። ዝቅተኛውን ውሃ ከከፍተኛው ጋር መቀላቀልም አለ፤ የዝናብ ውሃ ማጠራቀምም አለ፣ ለመጠጥ ብቻ ከሆነ። ገንዘብ ባለበት ከተማ ሪቨርስ ኦስሞሲስም ሊሠራ ይችላል፣ መብራት ሳይቋረጥና የሚተወው ጨዋማ ውሃ መጣያ ሲኖረው። የማጣሪያ ቦታው እነዚህ በማይደርሱበት ሩቅና የተበታተነ መንደር ነው፤ እንዲህ ያለ መንደር ደግሞ በሸለቆው ውስጥ ብዙ ነው። የእነ ፈለቀ ቁስ ለእነዚህ የተሠራ ነው። ስለዚህም ውጤቱ መለካት ያለበት በእነዚሁ ቦኖዎች ላይ ነው፦ አንድ የሞላ በርሜል በእውነተኛ ውሃ ስንት ሺህ ሊትር ከ1.5 በታች አወጣ፣ ከታደሰ በኋላ ስንት አወጣ፣ ለአንድ ጄሪካን ስንት ብር ፈጀ። ይህ መረጃ በየወረዳው በአንድ ዓይነት ቅጽ ተሰብስቦ ለውሃ ሚኒስቴሩም ለዩኒቨርሲቲውም ሊደርስ ይገባል፤ ቀጣዩ የምርምር ጽሑፍ መጻፍ ያለበት ከዚያ ቅጽ ተነሥቶ ነው።